ሌባ ሳይመጣ የምትጮኸው መኪና

እሑድ፣ ታኅሣሥ 5፣ መሐል ሜዳ

በፍትሐቱ መሃል ጮኸች።

የጎረቤታችን የአቶ ወንድይፍራው አስከሬን ከቤት ወጥቶ፣ ካህናቱ ጸሎት እያደረሱ፣ ሰው ሁሉ አደግድጎ ቆሞ ሳለ፣ የእኛ መኪና ከአጥሩ ወዲህ ሆና ታምባርቅ ጀመር። ማንም አልነካትም። ነፋስ እንኳ አልነበረም። ሰው ሁሉ ዘወር አለ። አንዳንዱ ወደ መንገዱ ነው ያየው። ጊዜው ጊዜ ነው፤ ሰው ድንገት ከፍ ያለ ድምፅ ሲሰማ መጀመሪያ የሚያስበው ሌላ ነገር ነው።

ሪሞቱን ይዤ ሮጥኩ። ስጫነው ዝም ትላለች፣ ጀርባዬን ሳዞር ትቀጥላለች። ኮፈኑን ከፍቼ የባትሪዋን ሽቦ ነቀልኩት። አሁን አበቃ ብዬ ነበር። ለካ ሳይረኑ የራሱ ትንሽ ባትሪ በሆዱ ይዟል፤ ይባስ ብሎ ሳያቋርጥ ይጮህ ጀመር። ከአልጋ ላይ የሱፍ ብርድ ልብሱን፣ ባናውን፣ ገፍፌ አምጥቼ ጠቀለልኩት። ለለቅሶ ጥቁር ለብሼ የወጣሁ ሴትዮ ሞተር ላይ ተደፍቼ ሱፍ አቅፌ ቀረሁ። አስከሬኑ በደጃችን ሲያልፍ ቀና ብዬ እንኳ አላየሁም።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ እትዬ አስካለ አጠገብ ተቀመጥኩ። ባላቸውን የቀበሩ ሰው፣ ፊታቸው አብጧል። "ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው። "ተዪው ልጄ፣ እሷም አልቅሳ ነው" አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነው። እኔ ግን የባሰ አፈርኩ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ተፈራ መስኮቱ ሥር ወንበሩ ላይ ነው። ሁሉንም ሰምቷል። "ቆይ" አለኝ። "ቆይ፣ ቆይ።"

ጥቅምት ላይ ግማሽ አካሉን ከያዘው ወዲህ የቀረችው ቃል ይህቺ ብቻ ናት። ውኃ ሲጠማው ቆይ፣ ሲያመው ቆይ፣ ሲከፋውም ቆይ። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አይታዘዙትም። የምንለውን ግን ይሰማል። ዓይኑን አውቀዋለሁ።

መኪናዋ የእሱ ናት። ዕድሜውን ሙሉ የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ በስተርጅና የገዛት፣ ሁለት ጋቢና ያላት አሮጌ ፒክአፕ። በግ ያመላልስባት፣ ገብስ ይጭንባት ነበር። አንድ ጊዜ ደብረ ብርሃን አሳድሯት ባትሪዋን ሌባ ፈትቶ ወሰደበት። በዚያ ንዴት ነው ይህን አላርም ያስገጠመው። እሱ ደህና ሳለ በከንቱ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። ወይ አትጮህም ነበር፣ ወይ ደግሞ ምን እንደሚያደርጋት ያውቅ ነበር። ከኅዳር ውርጭ ወዲህ ግን እንዲህ ናት።

ዓርብ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለን።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ውርጭ ወርዶ ፓራብሬዙ ነጭ ሆኖ አደረ። ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ባትሪውን መልሼ አሰርኩና ላስነሣት ሞከርኩ። ፍሬቻዎቿ ብልጭ ብልጭ አሉ፣ ጮኸች፣ ሞተሪኖው አልዞረም። አላርሙ ሲጮህ ሞተሩ እንዳይነሣ ይዘጋዋል፤ ሌባ አስነሥቷት እንዳይሄድ ነው። አሁን ሌባዋ እኔ ሆኛለሁ።

አምቡላንስ ለወላድና ለአጣዳፊ በሽተኛ እንጂ ለቀጠሮ አይሰጥም። በሚኒባስ ባለፈው ሞክረን አይተነዋል። ሞላሌ ሳንደርስ ተፈራ ከወንበሩ ተንሸራትቶ ወደቀ። ሰው ተረባርቦ አነሣው። የሚያነሡትን ሰዎች ዓይን ላለማየት ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ከዚያው ተመለስን፣ ቀጠሮውም አለፈ። ይህኛውም ካለፈ ሌላ መቼ እንደሚሰጡን እንጃ። መንገዱስ? አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። በዚህ ሳምንት ክፍት ነው ይላሉ። በዚህ ሳምንት።

እስካሁን ያወቅኩት ነገር፦ ጧት ይብስባታል። ፀሐይ ሲመታት ይሻላታል። ሪሞቱ አንዳንዴ ይሰማል፣ አንዳንዴ አይሰማም። ቁልፉን በር ላይ ብጠቀም ለእሷ ምንም ማለት አይደለም። ሳይረኑን ባና ብጠቀልለው ይታፈናል እንጂ አይጠፋም።

ከሰዓት በኋላ ከሱቅ ለሪሞቱ አዲስ ባትሪ ገዝቼ ቀየርኩለት። እስከ አሥር ሰዓት ዝም አለች። አሥራ አንድም ዝም። ተፈራን ገንፎ እያጎረስኩት "ሪሞቱ ነበር ለካ" አልኩት። ቅንድቡን አነሣ። አላመነኝም።

እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ እዚህ ጽፌ ነበር። ሳልጨርሰው ጮኸች። ሰርዤዋለሁ። ደግሞ መሰረዜ አሳዘነኝ፤ ምስጋና ይሰረዛል?

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

እሱባለው ከግሼ መጣ፤ የተፈራ ታናሽ ወንድም ነው። ለዓርቡ መንገድ ሊያግዘኝ ነው የመጣው። ገና በሩ ላይ ሳለ መኪናዋ ተቀበለችው። ክው ብሎ ቀረ።

"እቴ፣ ይቺ መኪና ደግ አይደለችም" አለኝ ተቀምጦ። "ወንድሜ ሲታመም ጀመረች። ምን ትጠብቂያለሽ? ሽጫት።" ተፈራ እዚያው ነበር። እሱባለው ታማሚ የማይሰማ ይመስለዋል።

የንስሐ አባታችን አባ ኃይለ ሚካኤል ሊጠይቁን ገብተው ነበርና "ጠበል ብንረጭባትስ አባ?" አላቸው። እሳቸው ሳቅ አላሉም። "ጠበሉን ለወንድምህ አምጣ። ለሽቦው ሽቦ የሚያውቅ ሰው ጥራ" አሉ። ከዚያ ለተፈራ ጾሙን ፈቱለት፤ ወተት እንዲጠጣ። ሲወጡ ሞቅ አድርጌ ሰጠሁት። ፊቱን አዞረ። ዕድሜውን ሙሉ ጾም ገድፎ አያውቅም፣ አሁንም እንቢ።

ሽቦ የሚያውቀው ሙሉጌታ ነው። ገበያው አጠገብ ሬዲዮም፣ ሶላርም፣ መኪናም ይሠራል። ከመሪው ፊት ካለው ክሩስኮት ሥር ገብቶ በጀርባው ተኝቶ ብዙ ቆየ። አንዲት ትንሽ ሣጥን አገኘ። "መነካቷን የምትነግራት ይቺ ናት፣ እትዬ። በጣም ነቅታለች" አለና ብሎኗን በቀጭን ካቻቢቴ አላላት። ከዚያ መኪናዋን በጥፊ መታት። ዝም። በሩን ወርውሮ ዘጋው። ዝም። ደስ ብሎኝ ሻይ አፈላሁለት።

ሻዩን ሳይጨርስ ነፋሱ ከጓሳ ተራራ ወረደ። ያው ጮኸች።

ሙሉጌታ ብርጭቆውን አስቀመጠና ፒንሳውን አነሣ። "ከዚህ በኋላ መፍትሔው አንድ ነው። ሁሉንም ቆርጬ ልገላግልሽ" አለኝ። እኔም ቁረጠው ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከመስኮቱ "ቆይ! ቆይ! ቆይ!" የሚል መጣ። ተፈራ በግራ እጁ ከዘራውን ይዞ መስኮቱን ይደበድባል። ፊቱ ጠቁሯል። መስተዋቱ ሊሰበር ነው። ሙሉጌታ ፒንሳውን አወረደ።

ሦስታችንም ከበን ጠየቅነው። አይቆረጥ? በአዎንታ አንገቱን ነቀነቀ። ታዲያ የት ነው ችግሩ? ባትሪው? ሪሞቱ? ሽቦው? አንዱን ስንጠራ ገና ሳይመልስ ሌላውን እንጠራለን። በመጨረሻ ከዘራውን ወለሉ ላይ ጣለውና አለቀሰ። ሙሉጌታ ዕቃውን ሰብስቦ በቀስታ ወጣ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

የዛሬውን መጻፍ ያስጠላኛል።

ጧት ልጆች ወደ ትምህርት ቤት በሚወጡበት ሰዓት ነበር። እስከዛሬ ካሰማችው ሁሉ የከፋ ጩኸት። በመንገዱ ያለ ሰው ሮጠ። ሱቆች በራቸውን ዘጉ። የእኔ ተማሪዎች፣ የአራተኛ ክፍል ልጆች፣ ቦዩ ውስጥ ተጋድመው ደብተራቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው አገኘኋቸው። ማን እንዲህ እንዲያደርጉ እንዳስተማራቸው እኔ አላውቅም። አንዲት ሴት ጀሪካን እንዳዘለች ወድቃ ክንዷ ተላልጧል። "መኪና ናት፣ የእኔ መኪና ናት!" እያልኩ በመንገዱ ላይ ስጮህ ነበር። ያመነኝ ጥቂት ነው።

ሲረጋጋ ጋሽ ደምሴ መጡ፤ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው። አልተቆጡም። "መምህርት፣ እናከብርሻለን። ባለቤትሽም ታሟል፣ እናውቃለን። ግን ይህ ሕዝብ ልቡ ደክሟል። ወይ ዛሬ ዝም አሰኚያት፣ ወይ ከሰፈር አውጫት" አሉኝ። ልክ ናቸው። ላውጣት ብል ደግሞ አትነሣም።

ቤት ገባሁ። ተፈራ "ቆይ" አለኝ። ያን ጊዜ ጮህኩበት። "ምንድን ነው የምቆየው? ለምን አትነግረኝም? አንተ ነህ ያስገጠምካት!" አልኩት። ሊናገር እንደማይችል እያወቅኩ። አፉን ከፈተ፣ ምንም አልወጣም። እሱባለው ተነሥቶ ውጭ ወጣ።

ምሳ አልበላልኝም። እኔም አልበላሁም።

ከሰዓት ከትምህርት ቤት ትንሿን ጥቁር ሰሌዳ አመጣሁ። መኪናዋን ሣልኩለት፦ ኮፈን፣ ጎማ፣ መሪ፣ ወንበር፣ በር። ጠመኔውን በግራ እጁ አስያዝኩት። "አትቸኩል፣ አሳየኝ" አልኩት። ጠመኔው የሹፌሩ ወንበር ላይ አረፈ። እንደገና ጠየቅኩት፣ እንደገና እዚያው። ወንበሩ! ከእሱባለው ጋር ሮጠን ወንበሩን ከነመደቡ ነቀልነው። ከሥሩ የበግ ፀጉር፣ የደረቀ ቆሎ፣ አንድ ብሎን፣ የአንድ እጅ ጓንት። ሌላ የለም። ይዤ ገብቼ አንድ በአንድ አሳየሁት። ጠመኔውን ወረወረው።

ማምሻ ላይ ሙሉጌታን መልሼ ለመንኩት። ሳይረኑን ከነባትሪው ፈታውና ከኋላ ወንበር ሥር አስቀመጠው። "ድምፅ የለም ከእንግዲህ፣ ሰፈሩ ይተኛል። ሞተሩን ግን እኔ አልችለውም፤ የገጠመው ሰው ሽቦዎቹን ሁሉ ጥቁር አድርጎ ነው የቀበራቸው። በዘፈቀደ ብቆርጥ ጨርሳ እንዳትጠፋ እፈራለሁ" አለኝ።

ስለዚህ አሁን ዝም ብላለች። አትነሣም ግን። ነገ ሐሙስ ነው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ቀስ ብዬ፣ ከመጀመሪያው ልጻፍ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤት መግባት ፈራሁ። ምን ብዬ ላየው? ጋቢናዋን ከፍቼ፣ እሱባለው መልሶ ያሰረው የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ትንሽ ልረፍ ብዬ ብቻ። ቀና ስል ተፈራን በመስኮቱ በኩል አየሁት። እኔን አይደለም የሚያየው። ኮፈኑንም አይደለም። የተቀመጥኩበትን ቦታ ነው። እንዲህ ሲያይ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ግን ከውጭ ሆኜ ነበር፤ ከዚህ ሆኜ አይቼው አላውቅም። አልጋ ላይ አስቀምጠነዋል፣ ወንበር ላይ፣ በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ ላይ። ከታመመ ወዲህ እዚህ ያስቀመጠው ሰው የለም። ማንም አላሰበውም። ትናንት በጠመኔ እንኳ ነግሮኝ ነበር፣ እኔ ከሥር ፈለግኩ።

እሱባለውን ጠራሁት። ሙሉጌታ በመንገድ ሲያልፍ አየሁና እሱንም ጠራሁት። "ምን ያደርግለታል? ይወድቅብናል" አለ እሱባለው። "እንይዘዋለን" አልኩት።

ተሸክመን አስቀመጥነው። ቀኝ እግሩን እኔ አንሥቼ አስገባሁለት። በሩን ሳልዘጋ አጠገቡ ቆምኩ። ግራ እጁን መሪው ላይ አኖረ። በአውራ ጣቱ አቧራውን ጠረገ። ዓይኑን ጨፈነ፤ እንባው በግራ ጉንጩ ወረደ፣ በቀኙም ወረደ። ከአጥሩ ማዶ ከእትዬ አስካለ ጋር የሚያለቅሱ ለቀስተኞች ይሰማሉ።

በእኛ ግፊያ ነው መሰል ፍሬቻዎቹ ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመሩ። ድምፅ የለም፣ መብራት ብቻ። እኔ ደነገጥኩ። እሱ አልደነገጠም። ዓይኑን ገለጠና በአገጩ ወደ ቁልፉ ጠቆመኝ። በላዩ ተዘርግቼ አንድ ጊዜ አዞርኩት፣ መብራቶቹ እስኪበሩ ድረስ። ግራ እጁ ወደ ታች ወረደ፣ ከክሩስኮቱ ሥር፣ ከፊውዞቹ ጀርባ። እያየ አይደለም። እጁ ብቻውን ነው የሄደው። የሆነ ነገር ተጭኖ ያዘ።

ፍሬቻዎቹ ጠፉ። ክሩስኮቱ ላይ ከሰዓቱ አጠገብ ስትርገበገብ የከረመችው ቀይ መብራት ጸንታ ቆመች።

እንደገና በአገጩ። እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ሞተሪኖው ዞረ፣ አንዴ አጉረመረመ፣ ተነሣች! ጭሱ ግቢውን ሞላው። እሱባለው "በስመ አብ" እያለ ወደ ኋላ ሸሸ። ሙሉጌታ መሬት ላይ ተንበርክኮ በስልኩ መብራት ፈለገና ምስር የምታክል ጥቁር ነገር አገኘ። ለባለቤቱ ብቻ የተደበቀች ማጥፊያ ናት። እሷ ስትጫን አላርሙ ይተኛል፣ ሞተሩም ይለቀቃል። "እኔ ማክሰኞ ቆርጬው ቢሆን ኖሮ ከዚህ አትነቃነቅም ነበር" አለ። ከዚያ ወደ ተፈራ ጎንበስ ብሎ "ጋሼ፣ እግዜር ይስጥዎ" አለው።

ተፈራ ግን አይሰማም ነበር። እጁ የማርሹን ንዝረት ሊሰማ ከመሪው ላይ ተሻግሮ ሄዷል።

ውረድ ብንለው እንቢ አለ። ተውነው። ሞተሩን አጥፍተን፣ ባና አልብሰነው፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ እዚያው ተቀመጠ። እኔም በወዲያኛው በር ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። "ትናንት ስለጮህኩብህ ይቅር በለኝ" አልኩት። እጄን ያዘኝ። ከዚያ ወተቱን ጠጣ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10፣ ደብረ ብርሃን

ደርሰናል። መጀመሪያ ይህን ልጻፍ፤ ደርሰናል።

የነዳሁት እኔ ነኝ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ተፈራ ነው አውጪ ብሎ ያስጨነቀኝ። ግን ከሰፈር ወጥቼ ነድቼ አላውቅም። ተፈራ ከኋላ ጋቢና በጎኑ ተኝቶ፣ ራሱን እሱባለው ጭን ላይ አድርጎ። ከሞላሌ በኋላ ልቤ ትንሽ ረጋ። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ወረደና ከፊቴ ያለው መንገድ ጠፋኝ። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ጠፋብኝ። ከኋላዬ የጭነት መኪና ጡሩምባውን ይነፋል። ቁልፉን ከማዞሬ በፊት አማተብኩ። ተነሣች። ፍተሻው ላይ የቆመው ልጅ ወደ ኋላ አይቶ "ታማሚ ነው?" ብሎ ብቻ እለፉ አለን።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ትዕግሥተኛ። ስትናገር ለእሱ ነው የምትናገረው፣ ለእኔ አይደለም። እግሩ በልምምድ እየተሻለ ሊሄድ እንደሚችል፣ ከዘራ ይዞ። እጁ ይዘገያል። ንግግሩ ቀስ በቀስ ጥቂት ሊመጣ ይችላል፣ ላይመጣም ይችላል። ለእኔ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ስትጠይቂው መልሱን ጠብቂ። ረዥም ጊዜ ቢሆንም ጠብቂ። እናንተ ስትፈጥኑበት ያለውን ቃል ያጣዋል።" ማክሰኞ እንዴት እንደጠየቅነው ትዝ ብሎኝ አቀረቀርኩ።

ልንወጣ ስንል ተፈራ ግራ እጁን አነሣና አየሩ ላይ መሪ ያዘ። ወደ ቀኝ አዞረ፣ ወደ ግራ አዞረ። ወደ እሷ አየ።

ገባት። ወደ እኔ ብታይ ኖሮ "አይ በዪው" ልላት ነበር፤ አላየችኝም። ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች። "አባቴ፣ መንዳቱስ ከእንግዲህ ይቅርብዎ። ቀኝ እጅና እግርዎ በጊዜ አይደርሱልዎትም። የሌላም ሰው ነፍስ አለበት" አለችው።

እጁ አየሩ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ጭኑ ላይ አወረደው። አንገቱን ነቀነቀ። አላለቀሰም። ሐሙስ መሪውን ይዞ ሲያለቅስ ይህን ያውቅ እንደነበር አሁን ይገባኛል።

እህቴ ቤት ነን። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። እሱባለው እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ጧት መነሣት አልፈለገም። አለበስነው፣ ዝም ብሎ ተለበሰ።

ከመንገድ በፊት መኪናዋን የሚያይ ሰው እህቴ ጠቆመችኝ። ብዙ የማይናገር ሰውዬ ነው። ኮፈኑን ከፈተ፣ ጠርዙ ላይ ያለች አንዲት አጭር ዘንግ በጣቱ ተጫናት። እንደተጫነች ቀረች፤ ዝጋለች። ኮፈኑ ሲዘጋ የምትጫን፣ ሲከፈት የምትነሣ ስዊች ናት። መያዣዋም በእኛ መንገድ ኮረኮንች ላልቶ ይወዛወዛል። ውርጩ ቀልጦ ውኃው እዚያ ይገባል። ስለዚህ ጧት ይብስባታል፣ ፀሐይ ሲያደርቃት ዝም ትላለች። ስለዚህ ነፋስ ኮፈኑን ሲነካው ትጮሃለች። "ኮፈንሽ ተከፈተ እያለች ነው የምትነግራት። ሌላ ምንም የላትም" አለኝ። አዲስ አስገባላት፣ መያዣዋን አጠበቀ፣ ሽቦዋን በላስቲክ ጠቀለለ። ከወንበር ሥር ሳይረኑን አውጥቶ ቦታው መለሰው። ኮፈኑን ደጋግሞ በጡጫ መታው። ዝም።

ያን ሁሉ ሕዝብ ያስደነገጠች፣ ቀብር ያወከች፣ ከትንሽ ጣቴ ታንሳለች። ዝገቷን በመዳፌ ይዤ አየኋት።

"አላርሙ ይሥራ ወይስ እንደተኛ ይቅር?" ብሎ ጠየቀኝ። ይቅር ልል ነበር። ከዚያ የኋላውን በር ከፍቼ ተፈራን ጠየቅኩት። ጠበቅኩ። እሱባለው "ምን ያደርጋል ይቅ—" ሲል ክንዱን ቆነጠጥኩት። ጠበቅኩ። ሰውዬው እጁን በጨርቅ ጠርጎ ጨረሰ። ተፈራ ጣሪያውን አየ፣ ኮፈኑን አየ፣ እኔን አየኝ። ራሱን ወደ ታች ነቀነቀ። ይሥራ።

ለምን እንደፈለገው አላውቅም። የጠበቃት እሱ ነው፣ እንደተጠበቀች ትቆይ ማለቱ ይሆናል። ወይም ሲጠየቅ መልስ መስጠት ፈልጎ ብቻ ይሆናል። ጠየቅኩት፣ መለሰ። ይበቃኛል።

ስንመለስም ከኋላ ነው የተኛው። መሐል ሜዳ በብርሃን ገባን። የእትዬ አስካለ ድንኳን ፈርሷል። እሳቸው ደጃቸው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው "እንኳን በደህና መጣችሁ" አሉን። ወርጄ ሳምኳቸው።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12፣ ሚካኤል

ጧት ውርጭ ወርዶ ነበር። ጆሮዬን ጥዬ ጠበቅኳት። አልጮኸችም።

ተፈራ ከታመመ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ አያውቅም። ዛሬ ነጠላውን በከዘራው ጠቆመ። "ልትስም ትፈልጋለህ?" አልኩና ጠበቅኩ። ነቀነቀ። እሱባለው እንደለመደው የኋላውን በር ከፈተለት። ተፈራ አልገባም። የፊቱን በር እጀታ በግራ እጁ ይዞ ቆመ። ከፊት፣ በቀኜ በኩል አስቀመጥነው። እሱባለው ከኋላ ሆኖ ትከሻውን ያዘለት።

ሚካኤል በር ላይ ካለው ጽድ ሥር አቆምኳት። ሪሞቱን ስጫን አንዴ ጢጥ አለች። ቅዳሴው እስኪያልቅ ግማሽ ጆሮዬ እሷ ላይ ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ተፈራ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፣ በሰው እገዛ ግን በእግሩ። አባ ኃይለ ሚካኤል መስቀል ሲያሳልሙት ራሱ ላይ ትንሽ አቆዩት። ሰው እየመጣ "እግዜር ይማርህ" ሲለው ዓይኑን አልጨፈነም።

አልጮኸችም። ነገ ምን እንደምታደርግ አላውቅም። ነገ ሰኞ ነው፣ ልጆቹ በዚያው መንገድ ያልፋሉ። ጧት ከእነሱ በፊት ወጥቼ አጠገቧ እቆማለሁ።

ስንመለስ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ እያስጓራኋት ወጣሁ። ሜዳው ላይ ደርሼም በዚያው ቀጠልኩ፤ መቀየር እፈራለሁ። ጉልበቴን መታ የሚያደርግ ነገር ተሰማኝ። ግራ እጁ ነው። ወደ እኔ አያይም፣ መንገዱን ነው የሚያየው። እንደገና መታ አደረገኝ፣ ጠንከር አድርጎ።

ፍሪሲዮን ረገጥኩ። ሦስተኛ አስገባሁ። ጩኸቷ ረገበ፣ መኪናዋ ተንደረደረች።

እጁን አላነሣም። ቀጥሎ መዞሪያው አለ፣ ከዚያ ቁልቁለቱ።